ሁለት ሜትር በአምስት ደቂቃ፦ ቃል ስለሌለው ትያትር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አከራዬ በቀደም ማታ በሬን አንኳኩተው፣ «ልጄ፣ ትያትር አጠናለሁ ብለሽኝ አልነበር? ድምፅሽ እኮ አይሰማም። አመመሽ እንዴ?» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። ለክፍል የማጠናው የጃፓናዊውን የኦታ ሾጎን «የውሃ ጣቢያ» ነው። ተውኔቱ ቶኪዮ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። መድረኩ ላይ አንድ የተበላሸ ቧንቧ አለ፤ ውሃ በቀጭኑ ይወርዳል። መንገደኞች ይመጣሉ፣ ይጠጣሉ፣ ይሄዳሉ። ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አንድም ቃል አይነገርበትም፤ እንቅስቃሴውም እጅግ ዝግ ያለ ነው። እኔ መጀመሪያ የምትመጣዋን ልጅ ሆኜ ነው የምተውነው።

«ቃል ከሌለው ምኑ ይጠናል?»

ይሄን የክፍል ጓደኞቼም ይሉኛል። ጽሑፍ ግን አለው፤ ደራሲው ትዕይንት በትዕይንት ጽፎታል። እንዲያውም ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1977 «ኮማቺ ፉደን» የተባለውን ሥራውን ሲያዘጋጅ፣ ለዋናዋ ገጸ ባሕርይ፣ ለአንዲት አሮጊት፣ ቃለ ተውኔት ጽፎላት ነበር። የቀረበው ኖህ በሚባለው ጥንታዊ የጃፓን ትያትር መድረክ ላይ ነው። እዚያ አሮጊቷ ዝም አለች። ንግግሯ ወረቀት ላይ ቀረ። እኔም ለእያንዳንዱ እርምጃ በልቤ የምለው ነገር አለኝ። የረሳሁት ቀን ዓይኔ ይቅበዘበዛል፤ መምህሬ ወዲያው ነው የሚይዘኝ።

«ቀስ ማለት ምን ይከብዳል?»

የኦታ ተዋንያን ሁለት ሜትር ለመሄድ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጅባቸው ነበር። እስቲ ተነሱና ሞክሩት። ስንራመድ ሰውነታችን ወደፊት ሊወድቅ ሲል እግራችን ደርሶ ይይዘዋል። ብስክሌት ሲሄድ እንደማይወድቀው፣ ፍጥነቱ ራሱ ያግዘናል። ስንዘገይ ያ እገዛ የለም። ክብደታችን ሁሉ አንድ እግር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፤ ቁርጭምጭሚት ይዋልላል፣ ጭን ይቃጠላል። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ እግሬ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ ሳላውቀው ትንፋሼን እይዛለሁ። ትንፋሽ ሲያዝ ትከሻ ይወጣል፣ ሚዛን ይጠፋል። ቆም ብሎ ማረፍም የለም። ቡና ከጀበና ሲቀዳ ሳይቆረጥ እንደሚወርደው ነው መሆን ያለበት።

«የፊልም ስሎው ሞሽን ማለት ነው።» አይደለም። በፊልም የዘገየ ሯጭ አየር ላይ ይንሳፈፋል። እኛን መሬት አይለቀንም።

«ማይም ነው» (በባዶ እጅ፣ የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ በእንቅስቃሴ የሚያሳየው ጥበብ) ለሚሉትም፦ ማይም የሌለ ግድግዳ ያሳያችኋል። እዚህ ግን ውሃው ውሃ ነው፣ ኩባያውም ኩባያ።

«ጸጥታ ብቻ ነው» የሚለውን እኔም አምኜ ነበር። ግን ውሃው ድምፅ እያሰማ ያለማቋረጥ ይወርዳል። ሙዚቃም አለ፤ የፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ የኤሪክ ሳቲ ፒያኖ ይሰማል። ልጅቷ ኩባያዋን ስትደቅን የውሃው ድምፅ ድንገት ይቋረጣል። እስከዚያ ድረስ ድምፁን ልብ ያላለው ተመልካች ያኔ ይነቃል። እኔ ቤት ይሄን የምለማመደው የተበሳ ጀሪካን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ከሥሩ ሳፋ ደቅኜ ነው። (ጀሪካኑ የአከራዬ ነው። መበሳቱን ገና አልነገርኳቸውም ነበር።)

የቀረው «የእኛ ሰው አይገባውም» የሚለው ነው። ያን ማታ አከራዬን «ግቡና እዩት» አልኳቸው። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ከበሩ እስከ ጀሪካኑ ስደርስ ሰባት ደቂቃ አለፈ። ጠጣሁ፤ በጣም ቀስ ብዬ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቀሩ።

«እንዳያልቅባት ነው አይደል ቀስ የምትለው?» አሉኝ ስጨርስ። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ጀሪካኑን ዞር አድርገው አዩት።

«ይሄ የኔ አይደለም እንዴ?»