በኢሜይል ስለሚላክ አማርኛ ፎንት (የፊደል ቅርጽ) የሚነገሩ የተሳሳቱ ነገሮች

ለአባላቱ ወይም ለደንበኞቹ በአማርኛ ዜና መጽሔት በኢሜይል የሚልክ ሰው እነዚህን አባባሎች ሳይሰማ አይቀርም።

«ዌብሳይታችን ላይ የሚሠራው ፎንት ኢሜይል ላይም ይሠራል»

ለአንዳንዱ አንባቢ ብቻ። ከኢንተርኔት የሚወርድ ፎንት አፕል ሜይልና ተንደርበርድ ላይ ይሠራል፤ ጂሜይል ግን ፎንቱን አውርድ የሚለውን ትእዛዝ ቆርጦ ይጥለዋል። ክላሲክ የሚባለው የዊንዶውስ አውትሉክ ከ2007 እትሙ ጀምሮ ኢሜይልን የሚያሳየው በማይክሮሶፍት ዎርድ ሞተር ስለሆነ፣ ዋናው ፎንት ሲጠፋ እንዲተኩ የዘረዘርናቸውን ፎንቶች ሁሉ ዘሎ ታይምስ ኒው ሮማን ላይ ሊያርፍ ይችላል።

«ኤሪያል ይበቃናል፤ የሌለበት ኮምፒውተር የለም»

ኤሪያል ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም። አማርኛው የሚታየው መሣሪያው ራሱ ሌላ ፎንት ፈልጎ ስለሚተካልን ነው። የሚተካው ደግሞ የጎደለውን ፊደል ብቻ ነው። «መስከረም 12 ቀን 2017» ብለን ብንጽፍ ቃላቱ ከተተኪው፣ ቁጥሮቹ ከኤሪያል ይመጣሉ። ተተኪው ኒያላ የተባለው የዊንዶውስ የግዕዝ ፎንት ከሆነ ደግሞ ልዩነቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል፤ ኒያላ በእኩል ፒክስል ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ቁጥሮቹ ከፊደሎቹ ይገዝፋሉ።

መፍትሔው የፎንት ዝርዝሩን በግዕዝ ፎንት መጀመር ነው፦ ለአንድሮይድ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ ለዊንዶውስ ኢብሪማና ኒያላ፣ ለማክ ኬፋ፣ መጨረሻ ላይ ሳንስ ሰሪፍ (ሌላው ሁሉ ከታጣ መሣሪያው ያለውን ጌጥ አልባ ፎንት እንዲጠቀም)። ኢብሪማም ኒያላም የራሳቸው የላቲን ፊደልና ቁጥር ስላላቸው መስመሩ አንድ ወጥ ይሆናል። ኢብሪማን ከኒያላ አስቀድሙ። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የነበረ ቢሆንም ዊንዶውስ 10 ላይ በተጨማሪነት ካልተጫነ አይገኝም፤ ኢብሪማ ግን ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የግዕዝ ፊደል አለው። ኒያላ የራሱ ቦልድም (ደማቅ ቅርጽ) የለውም። ደማቅ ርዕስ ስናዝበት ኮምፒውተሩ ቀጭኑን ፊደል በግድ ያወፍረዋል፣ «ጨ» እና «ጬ»ን መለየት ያስቸግራል። ስለ ኢታሊክ (ዘንበል ስላለው ቅርጽ) ባላነሳ ይሻላል።

«በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ ፎንት የተጻፈውን ለጥፎ የፎንቱን ስም ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስነው ኮድ) ላይ መጥራት ነው»

እነዚያ የቆዩ ፎንቶች የአማርኛውን ቅርጽ የላቲን ፊደል ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ፎንቱ የሌለው አንባቢ የሚያየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ሲኤስኤስ አያድነውም። ጽሑፉ መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ይቀየር።

«ስታይሉን (የፎንት፣ የመጠንና የቀለም ትእዛዙን) የኢሜይሉ ኮድ አናት ላይ አንዴ ጽፎ መተው ነው»

አናት ላይ የተጻፈውን የማይቀበል ፕሮግራም አለ፤ የኢሜይሉ ይዘት የሚደረደርበት ሠንጠረዥ ውስጥ ሲገባ የሚረሳውም አለ። ስለዚህ ፎንቱን በእያንዳንዱ የሠንጠረዥ ክፍል ላይ መድገም ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት አንድ ነገር አለ። ታጉ (የሠንጠረዡን ክፍል የሚከፍተው የኮድ ምልክት) ውስጥ ስታይል አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በድርብ ጥቅስ ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በድርብ ጥቅስ ያሰረ ሰው ስታይሉን ሳያስበው እዚያው ዘጋው፤ ከዚያ ወዲያ የጻፈው መጠንም ቀለምም የለም። የፎንት ስም በነጠላ ጥቅስ ይታሰር።

«ከዚህ ሁሉ ጣጣ ጽሑፉን ምስል አድርጎ መላክ»

ክላሲኩ አውትሉክ በተለምዶ አንባቢው እስኪፈቅድ ድረስ ምስል ከኢንተርኔት አያወርድም፤ የሚታየው ባዶ ሳጥን ነው። ለዓይነ ስውራን ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራምም ከምስሉ ጽሑፍ እንደልብ አያገኝም። አርማና ፖስተር በምስል ይሂድ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታና ስልክ ቁጥር ግን በጽሑፍ ይጻፉ።