የዲጂታል ምስል የቀለም ጥልቀት ቅየራ

የቀለም ጥልቀት የአንድን ፒክስል (የምስሉን ትንሿን ነጥብ) ቀለም ለመመዝገብ የሚያዘው የቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 የሆነ አሃዝ፣ ብዛት ነው። በ1 ቢት ጥቁርና ነጭ ብቻ፣ በ8 ቢት 256፣ በ24 ቢት 16,777,216 ቀለም ይመዘገባል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን የተደረገ የኤ4 ገጽ 8.7 ሚሊዮን ያህል ፒክስል አለው፤ ሳይታመቅ በ24 ቢት 26 ሜጋባይት፣ በ1 ቢት ግን 1.1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ብዙዎች ጥልቀቱን ለመቀነስ የሚቸኩሉት ለዚህ ነው።

ችኮላው በተለይ የግዕዝ ብራናዎችን ይጎዳል። በእነዚህ ክቡር መጻሕፍት ቅዱሳት ስሞችና የምዕራፍ መነሻዎች በቀይ ይጻፋሉ። ምስሉ ወደ ግራጫ ሲቀየር በተለመደው ቀመር ቀዩ በ0.299፣ አረንጓዴው በ0.587፣ ሰማያዊው በ0.114 ተባዝተው ይደመራሉ። ቀይ 180፣ አረንጓዴ 50፣ ሰማያዊ 40 የሆነ ፒክስል 0 ጥቁር፣ 255 ነጭ በሆነበት መለኪያ 88 ይወጣዋል። ወደ 1 ቢት ሲወርድ ከመለያው ቁጥር በታች ያለው ጥቁር፣ በላይ ያለው ነጭ ይሆናል፤ መለያው 128 ላይ ከተደረገ ቀዩ ጽሑፍ ከጥቁሩ ጋር ይቀላቀላል፤ 80 ላይ ከተደረገ ደግሞ ከብራናው ጋር ነጭ ሆኖ ከነጭራሹ ይጠፋል። በ1 ቢት ሁለቱን ቀለሞች ለይቶ የሚያቆይ ቁጥር የለም። ዋናው ቅጂ በ24 ቢት (ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ 8 ቢት እያንዳንዳቸው) ቲፍ በተባለው የምስል ፋይል ዓይነት ሊቀመጥ ይገባል፤ 16 ቢት በአንድ ቀለም ያስፈልጋል ወይ የሚለው ግን ባለሙያዎችን ያከራክራል።

ለሥዕሎች የሚያገለግለው ዲተሪንግ፣ ማለትም ግራጫውን በጥቁርና በነጭ ነጥቦች ቅልቅል ማስመሰል፣ ነው። ሮበርት ፍሎይድና ሉዊስ ስታይንበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ዘዴ 100 የነበረ ፒክስል ወደ 0 ሲወርድ፣ የቀረው 100 ለጎረቤቶቹ ይከፋፈላል፤ 7/16ው ለቀኙ፣ 3/16ው ለታች ግራው፣ 5/16ው ለታቹ፣ 1/16ው ለታች ቀኙ። ዓይን ከርቀት ነጥቦቹን እንደ ግራጫ ያያቸዋል። ለጽሑፍ ግን አይሆንም፦ ሰን ከሱና ከሲ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ በነጠብጣብ ይሸረፋል፣ ፊደል አንባቢ ፕሮግራምም ይሳሳታል። መጠን መቀየር ካስፈለገ ከዲተሪንጉ በፊት ነው፤ በኋላ ከሆነ ነጥቦቹ ተደበላልቀው ሞገድ የሚመስል ጥለት ይፈጥራሉ። ውጤቱም ሲያምቅ ዝርዝር በሚያጠፋው የፋይል ዓይነት በጄፔግ ሳይሆን ምንም በማያጠፋው በፒኤንጂ ይቀመጣል።

ወደ 256 ቀለም መቀነስ የተለመደው ከዚያ በላይ ቀለም በማይይዘው የምስል ፋይል ዓይነት፣ በጂፍ ዘመን ነው።

ጥልቀት ሲጨመር አዲስ መረጃ አይገኝም። በጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም የተነሳ ብራና በ24 ቢት ቢቀመጥም ቀዩ አይመለስም። በአንድ ቀለም ከ8 ወደ 16 ቢት ሲሻገር እያንዳንዱ ዋጋ በ257 ይባዛል፤ 255 በትክክል 65,535 ይሆናል። በ256 ከተባዛ ግን 65,280 ላይ ስለሚቀር ነጩ ሙሉ ነጭ አይሆንም።