የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት በኢትዮጵያ

ገበሬው በደቦና በወንፈል ያርሳል፣ ያጭዳል፤ በእድር ይቀብራል፤ በእቁብ ይቆጥባል። በአዋጅ ለመጣ ማኅበር ግን እምነቱን ቶሎ አልሰጠም፤ ምክንያትም ነበረው።

የመጀመሪያው ሕግ በ1953 ዓ.ም. የወጣው ድንጋጌ ቁጥር 44 ነው። መሬቱ በባለርስት እጅ ስለነበር ጭሰኛው እምብዛም አልተጠቀመበትም። ደርግ በአዋጅ ቁጥር 138/1970 ሁለት ዓይነት የገበሬ ማኅበራት አደራጀ፦ የአገልግሎትና የአምራቾች። የአገልግሎት ማኅበራቱ ሸቀጥና ማዳበሪያ ያከፋፍሉ ነበር፤ ከገበያ ባነሰ ዋጋ የሚከፈልበት የእህል ኮታም በእነሱ በኩል ይሰበሰብ ነበር። የአምራቾቹ መሬትን ወደ ጋራ አስገቡ፤ በ«ማልባ» ደረጃ በሬ የግል ሆኖ ይቆያል፣ በ«ወልባ» እሱም የማኅበሩ ይሆናል። ገቢው በሥራ ነጥብ ይከፋፈል ስለነበር ተግቶ ያረሰው ከለገመው ጋር መተያየቱ አልቀረም። በየካቲት 1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። ጥርጣሬው አብሮ አልፈረሰም።

እስከ 2009 ዓ.ም. የሠራው አዋጅ ቁጥር 147/1991 አባልነትን በፈቃድ አደረገ፦ ለአንድ አባል አንድ ድምፅ፣ የአንድ ሰው ዕጣ ከጠቅላላው 10 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ከተጣራ ትርፍም 30 በመቶ ለመጠባበቂያ። በዚያው ዓመት 34 መሠረታዊ ማኅበራት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ዩኒየንን፣ ማለትም የማኅበራት ኅብረትን፣ መሠረቱ።

አመኔታ የሚፈተነው ሚዛን ላይ ነው። አባሉ ቀይ እሸት ቡናውን በለቀመበት ቀን ወደ ማጠቢያ ጣቢያው ያመጣል፤ ካደረ መፍላት ይጀምርና ጣዕሙ ይበላሻል። አረንጓዴው ተለቅሞ ከወጣለት በኋላ ይመዘናል፣ ኪሎው በደረሰኝ ይጻፋል። ስድስት ኪሎ ግድም እሸት አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል። የመጀመሪያው ክፍያ በርክክብ ጊዜ ነው፤ ሁለተኛው ቡናው ተሽጦ ሒሳቡ ሲዘጋ፣ ባስረከበው ኪሎ ልክ ይመጣል። በደረሰኙ ያልሰፈረ ኪሎ ትርፍ አያስገኝም፤ ስለዚህ ገበሬው የሚዛኑን መርፌ ራሱ ቆሞ ማየት አለበት።

ማኅበሩ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ በጥሬ ገንዘብ እጥረት ነው። የባንክ ብድሩ ለቀማው ከተጀመረ በኋላ ከደረሰ ነጋዴው እጅ በእጅ ከፍሎ ቡናውን ይወስዳል፤ ጣቢያው ከአቅሙ በታች ይሠራል፣ ወጪው በጥቂት ኪሎ ላይ ይከማቻል፣ ሁለተኛው ክፍያም ይመነምናል። በቀጣዩ ዓመት ለነጋዴ የሚሸጠው አባል ይበዛል። ገበሬውን በከሐዲነት መውቀስ እዚህ ላይ ከንቱ ነው፤ ግብርም የትምህርት ቤት ወጪም ሒሳብ እስኪዘጋ አይጠብቁትም።

ሌላው ማነቆ ኦዲት ነው። ሒሳቡ ሳይመረመር ትርፍ አይከፋፈልም፤ ኦዲተር ሳይመጣ ዓመታት ካለፉ ሐቀኛው ኮሚቴም ከሐሜት አያመልጥም።