ለወራት የማይነካ ላፕቶፕ፦ ስለ ባትሪው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ከመቀመጡ በፊት መቶ በመቶ ይሞላ»

መብራት ይጠፋል ብሎ ባትሪን ሞልቶ መያዝ ለዕለት ሥራ ያዋጣል። ክረምቱን ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ለሚከርም ላፕቶፕ ግን ጉዳት ነው። የላፕቶፕ ባትሪ የሚሠራባቸው የሊቲየም አዮን ሴሎች (የባትሪው ክፍሎች) እያንዳንዳቸው ሲሞሉ አብዛኛውን ጊዜ 4.2 ቮልት አካባቢ ይይዛሉ፤ ሴሉ እዚያ ላይ ሲቆይ ውስጡ ያለው ኤሌክትሮላይት (ኬሚካል ፈሳሹ) ቶሎ ይበላሻል፣ ሙቀት ደግሞ ያባብሰዋል። በሙያው በሰፊው የሚጠቀስ ግምት አለ፦ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ዓመት የከረመ ባትሪ 40 በመቶ ላይ ከተቀመጠ 96 በመቶ ያህል አቅሙ ይተርፋል፤ ሞልቶ ከተቀመጠ 80። ሙቀቱ 40 ዲግሪ ከሆነ የሞላው ወደ 65 ይወርዳል። ስለዚህ 50 በመቶ ገደማ ሲሆን ቻርጀሩን ነቅለው ያጥፉት፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ካለ ቆጥ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይምረጡለት።

«ባዶ ሆኖ ይቀመጥ»

ይህ ከድሮዎቹ የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ዘመን የቀረ ልማድ ነው፤ ከመጀመሪያውም የባሰ ይመስለናል። ባዶው ሴል ሳይነካም መውረዱን ይቀጥላል፣ ባትሪው ውስጥ ያለው መከላከያ ሰርኪዩትም ትንሽ ትንሽ ይወስድበታል። ቮልቴጁ ከመጠን በላይ ሲወርድ በሴሉ ውስጥ ያለው ስሱ የመዳብ ንጣፍ መሟሟት ይጀምራል፤ መልሶ ቻርጅ ሲደረግ ሴሉ ውስጥ ለውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል። አንዳንድ ባትሪ ከቆየ በኋላ «ቻርጅ አልቀበልም» የሚለው ሰርኪዩቱ ይህን ፈርቶ ሲቆልፈው ነው። ሞቷል ከማለት በፊት ግን በራሱ ቻርጀር አንድ ሰዓት ያህል ይተዉት፤ መጀመሪያ የሚገባው ኃይል በጣም ዝግ ያለ ነው።

«ክዳኑን ከዘጋሁት ጠፍቷል»

ብዙውን ጊዜ ስሊፕ (እንቅልፍ) ላይ ነው እንጂ አልጠፋም፤ ሚሞሪው ኃይል ስለሚወስድ ባትሪው በቀናት ወይም በሳምንታት ያልቃል። ዊንዶውስ ላይ ሺፍትን ተጭነው ይዘው «ሻት ዳውን» ይበሉ፤ ያለዚያ ፋስት ስታርትአፕ የሚባለው ቶሎ ለመነሣት የተሠራ ቅንብር ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ፍላሽና የማውዝ ሪሲቨር ይንቀሉ። ብዙ ቲንክፓድ የተባሉ የሌኖቮ ላፕቶፖች ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ የውስጥ ባትሪውን የሚያቋርጥ ምርጫ አላቸው፤ ቻርጀር ሲሰካ ተመልሶ ይሠራል።

«ፍሪጅ ውስጥ ይሻላል»

አይሻልም። ሲወጣ እርጥበት ቦርዱ ላይ ይጤዛል።

«በትክክል ከተቀመጠ መታየት አያስፈልገውም»

በየሦስት ወሩ ይክፈቱት፤ ከ30 በመቶ በታች ከወረደ እስከ 50 መልሰው ይሙሉት። በዚያው ታችፓዱ ወደ ላይ ተነሥቶ ወይም የሥረኛው ክዳን ተለያይቶ እንደሆነ ይዩ። ባትሪው ካበጠ ቻርጅ አያድርጉት፤ «ጋዙ ይውጣ» ብሎ መብሳትም እሳት መጥራት ነው። ሳይጫኑት አጥፍተው ወደ ጠጋኝ ይውሰዱት።