በአንድሮይድ ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«በየ15 ደቂቃው ብዬ ስላዘዝኩት በየ15 ደቂቃው ይሠራል»

አይሠራም። በወርክማናጀር (ከጀርባ የሚሠሩ ሥራዎችን ቀጠሮ የሚያስይዝ የአንድሮይድ ላይብረሪ) 15 ደቂቃ የመጨረሻው ትንሹ ልዩነት ነው፤ 5 ብላችሁ ብትጽፉም ወደ 15 ይወስደዋል። ትክክለኛውን ሰዓት የሚመርጠው ግን ሲስተሙ ነው። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሳይሆን፣ ስክሪኑ ጠፍቶ፣ ሳይነካ ከቆየ ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ ያለው ዶዝ የተባለው ባትሪ ቆጣቢ ሁነታ ኔትወርኩን ይከለክላል፤ የተጠራቀሙትን ሥራዎች በየመሀሉ በሚከፍታት አጭር ጊዜ ብቻ ይለቃቸዋል። ከአንድሮይድ 9 ወዲህ ደግሞ ተጠቃሚው እምብዛም የማይከፍተው መተግበሪያ ተራው ይዘገያል። ስለዚህ ሰዓት ከማዘዝ ይልቅ «ኢንተርኔት ሲኖር» ብሎ ሁኔታ ማዘዝ ያዋጣል።

«እንግዲያው አላርምማናጀር ይሻላል»

አላርምማናጀር ሥራን በተባለው ሰዓት የሚቀሰቅስ የአንድሮይድ መሣሪያ ነው፤ ለመድኃኒት ማስታወሻ አዎ፣ ዳታ ለመላክ ግን አይሆንም። ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ አላርሞቹ ይሰረዛሉ። ወርክማናጀር ሥራውን ዳታቤዝ ውስጥ ስለሚመዘግብ ራሱ መልሶ ያስይዛል።

«አንድ ሥራ አንዴ ብቻ ይሠራል»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ እምነት ነው። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ትዕዛዝ ላከ እንበል። ሰርቨሩ መዘገበው፤ መልሱ ስልኩ ጋ ሳይደርስ ግን ኔትወርክ ተቋረጠ። ስልኩ እንዳልተላከ ቆጥሮ ይደግመዋል፣ ደንበኛውም ሁለት ጊዜ ይከፍላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ ትዕዛዙ ሲላክ ሳይሆን ገና ስልኩ ላይ ሲፈጠር ዩዩአይዲ (የማይደገም መለያ) ስጡት፤ ሰርቨሩ ላይ ያ መለያ እንዳይደገም ገደብ አድርጉ፤ የተደገመ ሲመጣም ሰርቨሩ ስህተት ሳይሆን 200 («ተሳክቷል» የሚለውን ኮድ) ይመልስ።

ሪትራይንም (ደግሞ መሞከርን) በልክ ተጠቀሙ። ታይምአውት (መልስ ሳይመጣ ጊዜው ማለቁ) ወይም 500 (የሰርቨሩ ስህተት) ከሆነ ይደገም፤ 400 (የተሳሳተ ጥያቄ) ከሆነ ዳታው ራሱ የተበላሸ ስለሆነ መቶ ጊዜ ቢላክ ለውጥ የለውም፣ ለወርክማናጀር ፌይለር («አልተሳካም») መልሱ። የሙከራው ልዩነት ካልቀየራችሁት ከ30 ሰከንድ ተነስቶ እጥፍ እየሆነ እስከ 5 ሰዓት ይደርሳል።

«ወርከሩ እስኪጨርስ ይጠበቃል»

ወርከሩ (ሥራውን የሚያከናውነው ኮድ) በተለምዶ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። ብዙ ፎቶ የሚላክ ከሆነ ከፋፍሉት፣ የተላከውንም አንድ በአንድ ምልክት አድርጉ።

«እኔ ስልክ ላይ ሠርቷል»

የእናንተ ስልክ ቀኑን ሙሉ ኬብል ላይ ተሰክቶ የሚውል ነው። ባትሪ ለመቆጠብ መተግበሪያን ከጀርባ የሚዘጉ አምራቾች አሉ፤ ተጠቃሚው ከሴቲንግ «ፎርስ ስቶፕ» ካለ ደግሞ ራሱ እስኪከፍተው ድረስ ምንም ሥራ አይነሳም። ስለዚህ መተግበሪያው በተከፈተ ቁጥር ያልተላከውን ወዲያው ላኩ፤ ስንት እንደቀረም ስክሪኑ ላይ አሳዩ።