አምፖሉን ተዉትና ምጣዱን እዩ፦ ስለ መብራት ቢል የምንሳሳታቸው ነገሮች

ባሕር ዳር ላይ የመብራት ቢል ከተነሳ ሁሉም የራሱ ትንታኔ አለው። አንዱ ቆጣሪው ይሮጣል ይላል። ሌላው ልጆች አምፖል እያበሩ ስለሚተኙ ነው ይላል። አከራይ ተከራይን፣ ተከራይ አከራይን ይጠረጥራል። መስከረም 2017 የጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚወጣ አለማወቅ በየጊዜው ዋጋው እየከበደ ነው። በየሰፈሩ የሚባለውን እያነሳን፣ እውነቱ የቱ ጋ እንደሆነ እንይ።

«ቢሉን ያናረው አምፖል ነው»

ባለ 60 ዋቱ ቢጫ አምፖል በየክፍሉ በነበረበት ዘመን ይህ አባባል ትንሽ እውነት ነበረው። ዛሬ ሱቅ የምናገኘው ኤልኢዲ አምፖል ግን 9 ዋት ገደማ ነው። በቀን አምስት ሰዓት ቢበራ የሚጠቀመው 45 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። የእንጀራ ምጣድ ደግሞ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። አንድ ሰዓት ከሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም 3,500 ዋት ሰዓት ቆጠረ ማለት ነው። በዚህ ኃይል ያንን አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት ለ77 ቀን ማብራት ይቻላል።

ቤት ውስጥ ብዙ የሚበላው የሚያበራው ሳይሆን የሚያግለው ነው። ምጣድ፣ ምድጃ፣ የሻወር ማሞቂያ፣ ካውያ፣ የውሃ ማፍያ። የሚያግሉት ላይ ግማሽ ሰዓት መቀነስ አምፖል እየተከታተሉ ከማጥፋት እጅግ የበለጠ ይቆጥባል። ቢጫ አምፖል ዛሬም ካላችሁ ግን ቀይሩት፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

«ምጣድ ያው ምጣድ ነው፣ ምን ይቆጠብበታል?»

ብዙ ይቆጠብበታል። በሳምንት በድምሩ ሁለት ሰዓት የምትጋግር ቤት በወር 28 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ለእንጀራ ብቻ ታወጣለች። ታሪፉ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው ለመጀመሪያው የ50 ኪሎዋት ሰዓት እርከን ነው። ከዚያ በላይ ስትወጡ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። የእርከኑን ከግማሽ በላይ ምጣዱ ብቻውን ጨረሰው ማለት ነው።

ትልቁ ብክነት መጀመሪያ ላይ ነው። ምጣዱ እስኪግል 15 ደቂቃ ቢወስድ፣ አንዲት እንጀራ ሳትወጣ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሄደ። በሳምንት ሦስት ጊዜ አምስት አምስት እንጀራ የሚጋግር ሰው ይህን ሦስት ጊዜ ይከፍላል። ሊጡን አንድ ላይ አቡክቶ በአንድ ቀን መጨረስ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ተስማምቶ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ በጋለው ምጣድ ላይ መቀጠል ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ኤሌክትሪክ ከመግባቱ በፊት እናቶቻችን አንድ ምድጃ ላይ ተራ ይዘው ሲጋግሩ ኖረዋል፤ ነገሩ አዲስ አይደለም።

አክንባሎው አፉ ላይ ግጥም ይበል። በጎን በኩል እንፋሎት ሽው እያለ የሚወጣ ከሆነ፣ እየወጣ ያለው ገንዘባችሁ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት ይቻላል፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ያበስላቸዋል። ከዚያ በኋላም ምጣዱ ቶሎ አይቀዘቅዝም። ድርቆሽ ማድረቅ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም።

«ኃይሉ ሲደክም ቢሉም ይቀንሳል»

ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ይለኩሳል፣ ቮልቴጁም ይወርዳል። «ምጣዱ እምቢ አለኝ» የሚባለው ያኔ ነው። ለ220 ቮልት የተሠራ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ 180 ቮልት ሲደርሰው የሚያመነጨው 2.3 ኪሎዋት ገደማ ብቻ ነው። ቆጣሪው በዚያ ሰዓት ቀስ ብሎ መቁጠሩ እውነት ነው። ግን እንጀራው ዓይን ለማውጣት ይቆያል፣ ምጣዱም በቆየ ቁጥር ሙቀት ወደ ጎንና ወደ ታች ይባክናል። በመጨረሻ አንዷ እንጀራ የበላችው ኃይል ይበልጣል። በጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ ጋግሩ። ፍሪጅማ በደከመ ኃይል ሞተሩ እየተጨነቀ ይሠራል፤ ቮልቴጁን የሚያስተካክለው ስታብላይዘር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

«እሳቱ በጨመረ ቁጥር ቶሎ ይበስላል»

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን እስከ መጨረሻው ብታዞሩትም ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። የሚጨምረው እንፋሎቱ ብቻ ነው። ወጡ መንተክተክ ሲጀምር እሳቱን ቀንሱ፣ ክዳኑን ክደኑ። ባቄላና ሥጋ አልበስል የሚላችሁ ከሆነ መፍትሔው ፕሬዠር ኩከር ነው። ውስጡ የታፈነው እንፋሎት የመፍያውን ሙቀት ከፍ ስለሚያደርግ በእጅጉ ያፈጥናል።

የሻወር ውሃን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በዚህች ሞቃት ከተማ፣ ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ጥቁር ሮቶ በፀሐይ ቀን ከሰዓት በኋላ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል። በበጋ ማሞቂያ ከማብራታችሁ በፊት የመታጠቢያ ሰዓታችሁን ቀይሩ።

«ፍሪጅ ማታ ማጥፋት ይቆጥባል» እና «ቻርጀር ይበላል»

ፍሪጁ ማታ ሲጠፋ ውስጡ ይሞቃል። ጠዋት የሞቀውን ለማቀዝቀዝ ሞተሩ ያለ ዕረፍት ይሠራል። የምታተርፉት ትንሽ ነው፣ ምግብ የማበላሸት አደጋው ግን አለ። በተለይ ቆሮሶና አምባዛ ገዝቶ ለሚያስቀምጥ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ይልቅ ከግድግዳው ራቅ አድርጉት፣ የጋለ ድስት አታስገቡበት፣ በረዶው ሲወፍር አሟሙት። በሩ ላይ ወረቀት አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። ሳይዝ ከወጣ ጎማው ደክሟል።

ቻርጀር ሶኬት ላይ ስለዋለ የሚጠቀመው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቴሌቪዥንና ሪሲቨር በሪሞት ሲጠፉ ጥቂት ዋት መጠቀማቸው አይቀርም፤ ግን ለዚህ ከልጆች ጋር መጣላት አያስፈልግም። መብራት ሲሄድ መንቀሉ የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። ሲመለስ ኃይሉ ድንገት ከፍ ብሎ ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል።

«የካርድ ቆጣሪ ይሮጣል»

ባለ ሽክርክሪት ቆጣሪ ሲያረጅ ቀስ ብሎ ሊቆጥር ይችላል። በአዲስ ሲተካ ትክክለኛው ቁጥር የበዛ ይመስላል። በተጨማሪ ለወራት ሳይሞሉ ቆይተው ሲሞሉ፣ የተጠራቀመው ወርሃዊ የአገልግሎት ክፍያ መጀመሪያ ይቆረጣል። «ሞልቼ ወዲያው አለቀ» የሚለው እሮሮ አንዳንዴ የሚመጣው ከዚህ ነው።

መጠርጠር ግን መብታችሁ ነው፤ ደግሞም ራሳችሁ መፈተሽ ትችላላችሁ። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ንቀሉ። ቆጣሪው ላይ ብልጭ የምትለውን ትንሽ ቀይ መብራት ተመልከቱ። ምንም ሳይሠራ ብልጭታው ከቀጠለ ወይ የሚያፈስ ገመድ አለ፣ ወይ ሌላ ሰው በእናንተ መስመር እየተጠቀመ ነው። ከዚያ ምጣዱን ብቻ አብሩ። ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ ብልጭ እንደሚል ቆጣሪው ፊት ላይ ተጽፏል። 1000 የሚል ከሆነ፣ ባለ 3.5 ኪሎዋት ምጣድ በደቂቃ 58 ጊዜ ገደማ ያስቆጥራል። ከዚያ በብዙ ከራቀ አቤት ለማለት ማስረጃ አላችሁ።

«ቢሉ ላይ የመጣውን ዝም ብሎ መክፈል ነው»

አይደለም። ቆጣሪ አንባቢ በሩ ተዘግቶ ካገኘው ቢሉ በግምት ሊወጣ ይችላል። አንድ ወር አሳንሶ ገምቶ በሚቀጥለው ወር የሁለቱ ፍጆታ ተደምሮ ከመጣ፣ ወደ ላይኛው እርከን ትገፋላችሁ፤ የተጠቀማችሁት ኃይል ሳይጨምር ዋጋው ይጨምራል። በየወሩ በአንድ ቀን ቆጣሪውን በስልክ ፎቶ አንሱ። ቢሉ ላይ ያለው ንባብ ቆጣሪው ላይ ካለው ከቀደመ፣ ፎቶውን ይዛችሁ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሂዱ። በቴሌብር ወይም በሲቢኢ ብር ስትከፍሉም የሚስጥር ቁጥሩን ከመጫናችሁ በፊት የሚመጣውን ስም አንብቡ። ማረጋገጫ መልእክቱንም አታጥፉት።

«ብዙ ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ቢካፈል ይረክሳል»

ከሁሉም ስሕተት በጣም የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሚጎዳው ዝቅተኛ ገቢ ያለውን ነውና። ርካሹ እርከን የሚሰጠው ለቆጣሪ እንጂ ለቤተሰብ አይደለም። እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀሙ አምስት ተከራዮች የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሁሉም በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ግን ፍጆታቸው 225 ይሆንና ግቢው ከ200 በላይ ወዳለው እርከን ይወጣል። አከራዩም አልሰረቀም፣ ተከራዩም አላባከነም። በዚያ ላይ ሒሳቡ በክፍል ብዛት እኩል ሲካፈል፣ አንድ አምፖልና አንድ ስልክ ያለው ተማሪ የባለ ምጣዱን ዕዳ ይሸከማል።

የየራስ ቆጣሪ ማስገባት ካልተቻለ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል መለኪያ ብቻ የሚሆን ትንሽ ቆጣሪ ማስገጠም ይቻላል። እርከኑን አይለውጥም፤ ግን ሁሉም የተጠቀመውን ይከፍላል። አከራዮች፣ እባካችሁ ይህን አስቡበት።

«በለስ ጎናችን ሆኖ ለምን ይጠፋል? ለምንስ አይረክስልንም?»

ቁጭቱ ይገባኛል። ከጣና ውሃ የሚሠራውና 2002 የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋዋት ያመነጫል። የጢስ ዓባይ ማመንጫም ከከተማዋ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም የተገነባው ከጣና በሚወጣው ዓባይ ላይ ነው። ግን ከእነዚህ የሚወጣው ኃይል ሁሉ አንድ አገራዊ መረብ ውስጥ ይገባል፤ ታሪፉም በአገር ደረጃ አንድ ነው። ሰፈራችን የሚጨልመው ብዙ ጊዜ ግድቡ ውሃ አጥቶ አይደለም። ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ተጭኖ፣ የቆየ ምሰሶ ወድቆ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ተኝቶ ነው።

የምሽቱን ምጣድ ወደ ጠዋት ማዞር ለዚያ ትራንስፎርመርም ይጠቅማል። ሲጠፋ ደግሞ ጎረቤት ይደውላል ብላችሁ አትቀመጡ፤ ነፃው መስመር 905 ነው። ሰፈራችሁንና የጠፋበትን ሰዓት ንገሯቸው። የወደቀ ሽቦ ካያችሁ ግን መጀመሪያ ልጆችን አርቁ፣ ቀጥሎ ደውሉ።