«ኬይ» ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው «ኬይ» የመኪና ስም ይመስለዋል። አይደለም። በጃፓንኛ «ቀላል» ማለት ነው፤ በጃፓን የትንንሽ መኪኖች የሕግ ምድብ ነው። ትንንሾቹ የጭነት መኪኖች ሱዙኪ ኬሪም ዳይሃትሱ ሃይጄትም እዚሁ ውስጥ ናቸው።

ምድቡ እ.ኤ.አ. በ1949 ተጀመረ። የሞተሩ ጣሪያ ለረጅም ጊዜ 360 ሲሲ ነበር፤ በ1976 ወደ 550፣ በ1990 ወደ 660 ከፍ አለ። ዛሬ አንዲት መኪና ርዝመቷ ከ3.4 ሜትር፣ ስፋቷ ከ1.48 ሜትር ካለፈ ከምድቡ ትወጣለች፤ የታክስ ቅናሹም ይቀራል። የጭነት መኪናዋ የምትጭነው እስከ 350 ኪሎ ነው።

የሚያምታታው ታርጋው ነው። በተለምዶ ቢጫው የግል ነው፤ ቢጫ ቁጥር ያለው ጥቁሩ ደግሞ በክፍያ ለሚያመላልሱ ነው። ሩዙን የጫነ ገበሬ ታርጋው ቢጫ ነው፣ ዕቃው የራሱ ነዋ! ደግሞ የመኪናዋ የጭነት ሳጥን ሦስት ጎን ወደ ታች ይከፈታል፤ ከረጢቱን በፈለገው በኩል ያወርዳል። እኔ እቺን ነገሯን በጣም ነው የምወድላት።